ከኬኩ ሥር የነበሩት ስሞች

ሀን ከለ መለየት በማልችልበት ዕድሜዬ «የሰው ስም ጽፈሃል» ተብዬ ከሞያሌ ተባረርኩ። የተፈጸመብኝ በደል ይህ ነው። ያባረሩኝ ሰዎች እንደማልጽፍ አሳምረው ያውቁ ነበር። መግቢያ ማሳመር አልችልበትም። ፊደል የቆጠርኩት በሠላሳ አምስት ዓመቴ፣ ዲላ ውስጥ በጎልማሶች ትምህርት ነው፤ ስለዚህ ነገሩን እንደሆነው እጽፈዋለሁ።

ከሃያ ዓመት በላይ ለማንም ሳልናገር ይዤው ኖሬ ነበር። ለሚስቴም አልነገርኳት። የቀሰቀሰብኝ ባለፈው ክረምት፣ ልጄ ከኮሌጅ የተመረቀች ዕለት ነው። ዲላ ያን ሰሞን ዝናቡ አያባራም ነበር። ልጄ ኬክ አምጥታ በፕላስቲክ ማቆሚያ ላይ አስቀመጠችው፤ ጠርዙ እንደ ዳንቴል የተበሳሳ፣ በየሱቁ የሚሸጥ ነጭ ማቆሚያ ነው። ልትቆርሰው ስትል መብራት ሄደ። ከጓደኞቿ አንዷ የስልኳን መብራት አብርታ ከማቆሚያው ሥር ሸጎጠችው። በዚያች ቅጽበት ጣራው በትንንሽ የብርሃን ነጠብጣብ ተሞላ። ልጆቹ አጨበጨቡ። እኔ ቀና ብዬ ነጠብጣቡን ላነበው ሞከርኩ። ምንም አልተጻፈበትም፤ አበባ ነው። ቢሆንም ላብ አጠመቀኝና ወደ ዝናቡ ወጣሁ።

«አባዬ፣ ምን ሆንክ? ኬኩን አልቀመስክም እኮ» አለችኝ ተከትላኝ።

«ኬክ አልወድም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ነው እንግዲህ የምጽፈው።

ሞያሌ የገባሁት በሃያ ሁለት ዓመቴ አካባቢ፣ የጭነት መኪና ረዳት ሆኜ ነው። ድንበሩን ተሻግረን ኬንያ በኩል እንደገባን ወባ ጣለኝ። ሹፌሩ እስክድን ወይም እስክሞት ሳይጠብቅ ጭነቱን ይዞ ወደ ደቡብ ነካው። ያነሣችኝ እትዬ ጥሩነሽ ነች። የወሎ ሰው ነች፤ ስድስት ክፍል ያለው ማደሪያ፣ ከፊቱ ደግሞ ሻይ ቤት ነበራት። እንጀራና ቻፓቲ ከአንድ ወጥ ቤት የሚወጣበት፣ ሻዩ በግመል ወተት የሚፈላበት፣ ሰዉ በአንድ አፉ አማርኛም ኦሮምኛም ስዋሂሊም የሚያወራበት ቤት ነው። አስተኛችኝ፣ አበላችኝ፤ ስድን ደግሞ አንድ ኬንያዊ ፉንዲ፣ ባለሙያ እንደማለት ነው፣ ብየዳ ቤት አስቀጠረችኝ። እናቴ ሰው አስጽፋ በሹፌር እጅ የምትልክልኝን ደብዳቤ የምታነብልኝም እሷው ነበረች። ሁለት ጊዜ ታነብልኛለች፤ ሁለተኛውን ቀስ ብላ፣ ቃል በቃል እንድይዘው። ይህን አንባቢ እንዳይረሳው። እኔ አልረሳሁትም።

ክፍል አንድ ውስጥ ጋሽ ላቀው የሚባል ሰው ይኖር ነበር። ጋሽ የምለው ያኔ ነው፤ ዛሬ ላቀው ብቻ ነው። የቀድሞ ወታደር ነው። መንግሥት ሲለወጥ ከእትዬ ጥሩነሽ ወንድም ከጌጡ ጋር አብረው ሸሽተው ዋልዳ ስደተኞች ካምፕ ገብተዋል። ካምፑ ሲበተን ላቀው ብቻውን ሞያሌ መጣ። «ጌጡ ወደ ናይሮቢ ወርዷል፤ ሥራ ሲይዝ መልእክት ይልክልሻል» አላት። ከዚያ ወዲህ ወሬ ተቋርጦ አያውቅም። አንዱ ሹፌር ጌጡን ናይሮቢ አይቶታል፤ ሌላው ሞምባሳ ወደብ ላይ ሲያወርድ አግኝቶታል፤ ሦስተኛው ታንዛኒያ ተሻገረ ብሏል። ሹፌሮቹን ያየ የለም፤ ወሬውን ይዞ የሚመጣው ሁልጊዜ ላቀው ነው።

ክፍል አራት ለጌጡ ተነጥፎ ይጠብቃል። እንግዳ በዝቶ ሰው በረንዳ ላይ ሲተኛ እንኳ ክፍል አራት አይከፈትም። በየቅዳሜው አንሶላው ይታጠባል። ማንም ያልተኛበት አንሶላ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ሲውለበለብ ማየት ደስ አይልም። እኔ በዚያ በኩል ማለፍ አልወድም ነበር።

እትዬ ጥሩነሽ ኬክ የጀመረችው እኔ በመጣሁ በዓመቱ ነው። ከናይሮቢ ከመጣች አንዲት ሴት ተማረች። ክሬሙን በላስቲክ ጨምቃ ጽጌረዳ ስታወጣ፣ እጇ ሲንቀሳቀስ አይታይም፤ አበባው ብቻ ነው ከጣቷ ሥር የሚበቅለው። ግን ትሪ ላይ ጋደም ሲል ያ ሁሉ ድካም ዳቦ ይመስላል።

«ኬክ ከፍ ካላለ ሰው ዓይን አይገባም» ትላለች። «ስታንድ ያስፈልገዋል።»

ከናይሮቢ የብርጭቆ ማቆሚያ አንዴ አዝዛ ነበር። ያኔ መንገዱ አስፋልት አይደለም፤ ከማርሳቢት ወዲህ ያለው ድንጋይ የሰው ጥርስ ያረግፋል። ሳጥኑ ሲከፈት ከውስጡ የወጣው የተፈጨ ብርጭቆ ነው። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አየችውና፣ «ስኳር አዝዤ ነበር እንዴ?» ብላ አሳቀችን። ሁለተኛ አላዘዘችም፤ የአንዱ ዋጋ ፍየል ይገዛ ነበር።

በዚያው ጥር የአንድ ባለሱቅ ልጅ ልታገባ ሆነ። ሦስት ኬክ ታዘዘ፤ ሦስቱም በማቆሚያ ላይ፣ አንዱ ከአንዱ ከፍ ብሎ። እትዬ ጥሩነሽ ጠራችኝና ከሆቴሉ ጀርባ፣ ከኒም ዛፉ ሥር ያለችውን ጥግ አሳየችኝ።

«ሽብሩ፣ ርካሽና የሚያምር ስታንድ ከሠራህልኝ ይቺን ጥግ ውሰዳት። የራስህን ብየዳ ቤት ክፈትባት። ስትሠራም በቁጥጥር የሚያስጨንቅህ ፉንዲ የለም።»

አንድ ነገር ፈልጌ አላውቅም፤ ያችን ጥግ ግን ፈለግኋት። ማታ ማታ ሄጄ በእርምጃ እለካት ነበር።

መጀመሪያ በእንጨት ሞከርኩ፤ በሙቀቱ ጎበጠ። ሳህን በብርጭቆ ላይ ደፍቼ በማስቲሽ አጣበቅኩ፤ ተንሸራቶ ወደቀ። ላሜራ በክብ ለመቁረጥም ዋጋው አልቀመስ አለ። ስድስት ቀን ሲቀረው ፉንዲው፣ ቡቲዬ በምትባል ከከተማው ወጣ ያለች መንደር ያሉ ኦቦ ጃርሶ የሚባሉ የቦረና ሽማግሌ የበረታቸው በር ተገንጥሏል፣ ሂድ ጠግን ብሎ ላከኝ።

ቡቲዬ በእግር ሄድኩ። ምድሩ ደርቆ ቀይ አቧራ ከነፋስ ጋር ይነሣል። የበሩን ማጠፊያ እየቀጠቀጥኩ ሳለ ከኋላዬ ቀጭን ፉጨት ሰማሁ። ሰው የጠራኝ መስሎኝ ዞርኩ። ማንም የለም። ሦስት የውኃ በርሜሎች ብቻ ተደርድረዋል። ኦቦ ጃርሶ ሳቁ።

«አንተንም ጠሩህ?»

«እነማን?»

«እነሱ ናቸዋ፣ ክዳኖቹ። ነፋስ ሲነሣ ይጠራራሉ። ፍየሎቼም ከዚያ ውኃ አይጠጡም።»

ሄጄ አየኋቸው። በርሜሎቹን የከደኑት ሦስት ክብ የብረት ክዳኖች ናቸው፤ እኩል፣ ወፍራም፣ ለኬክ ተለክተው የተቆረጡ የሚመስሉ። ዙሪያቸውን በሚስማር ተበሳስተዋል። ቀዳዳዎቹ ይጠማዘዛሉ፣ ይሰበራሉ፣ እንደገና ይቀጥላሉ። ጥልፍ ነው የመሰሉኝ። መሃላቸው ላይ ፀሐይ የጨረሰው ሰማያዊ ቀለም ነበር፤ አንድ መስመር ቁልቁል፣ አንድ መስመር አግድም።

«ከየት አመጧቸው?»

«ከዋልዳ። ሰዎቹ ሁሉ ከሄዱ በኋላ። ነፋስ ነቅሏቸው ሜዳው ላይ አገኘኋቸው። ፊታቸው ወደ ሰማይ ነበር።»

«ምን ይሆን እንዲህ የበሳቸው?»

«የእናንተ ሰዎች ሥራ ነው። አንተ አታውቅም?»

«ጌጥ ነው» አልኳቸው።

«ጋሪ» አሉ፤ ጥሩ ማለታቸው ነው። ፊደል የማናውቅ ሁለት ሰዎች በዚህ ተስማማን።

ስለ በሩ ጥገና ክዳኖቹን ሰጡኝ። እንዲያውም የተገላገሉ ነው የሚመስሉት። ስነሣ ግን ክንዴን ያዝ አደረጉኝ። «ፊታቸውን አትድፋው።»

«ለምን?»

«እንደዚያ ነው ያገኘኋቸው አልኩህ እኮ።»

በመኪና ጎማ ከመነዳሪ ቁራጭ ጀርባዬ ላይ አስሬ ተመለስኩ። ነፋሱ ከኋላ ነበር። እስከ ከተማው ድረስ ጆሮዬ ሥር አፏጩብኝ፤ አንዱ ሲያቆም ሌላው እየተቀበለ። ሁለት ጊዜ ቆሜ ወደ ኋላዬ አየሁ። ሦስተኛውን ለማየት ፈራሁና ፈጠን ፈጠን አልኩ።

ብየዳ ቤት እንደደረስኩ ሰማያዊውን ቀለም በሽቦ ብሩሽ ፋቅኩት። ቁልቁልና አግድም የሆነ መስመር ምን እንደሆነ ለማወቅ ፊደል አያስፈልግም። ክርስቲያን ነኝ። ግን ዓይኔ ሥራ ላይ ስለነበር ቀለም ብቻ ነው ያየሁት። ይህ የራሴ ጥፋት ነው፤ በማንም አላላክከውም።

ሚስማር በገባበት በኩል ብረቱ ለስላሳ ነው፤ በወጣበት በኩል ደግሞ ቀዳዳው ሁሉ እሾህ አለው። እሾሃሙን ወደ ላይ አደረግኩት፤ የኬኩን ካርቶን ነክሶ እንዲይዝ፣ እንዳይንሸራተት። ለስላሳው ፊት ወደ መሬት ተደፋ። የሽማግሌው ቃል ትዝ አላለኝም ብል ውሸት ነው፤ ትዝ ብሎኛል፤ ግን ኬክ ከሽማግሌ ቃል ይበልጥብኝ ነበር። እግር ከቱቦ ቆርጬ በየድኩ። ሦስተኛው ክዳን ግማሽ ጎኑን ዝገት ስለበላው፣ ከሥሩ ግማሽ ክብ ላሜራ ለጥፌ በየድኩበት። ሁሉንም ነጭ ቀለም ቀባሁ። በዚያ ላይ ደግሞ ትዕቢት ያዘኝ። ከአሮጌ መኪና የተፈቱ ትንንሽ አምፖሎች ነበሩኝ፤ ከየክዳኑ ሥር አንዳንድ ሰክቼ ከመኪና ባትሪ ጋር አገናኘኋቸው። ሳበራው በብየዳ ቤቱ ቆርቆሮ ጣራ ላይ የብርሃን ነጠብጣብ ዞሮ ቆመ። ሦስት ጊዜ አበራሁት። ሦስት ጊዜ ስማቸው ከራሴ በላይ ቆመ። እኔ ኮከብ ነው ያየሁት።

እትዬ ጥሩነሽ ስታያቸው አጨበጨበች። «በመርፌ የሠራኸው ነው የሚመስለው! ጥልፍ እኮ ነው!» ማንበብ የምትችል ሴት ናት፤ ከላይ ሲያዩት ግን ፊደሉ የተገለበጠ ስለሆነ ለእሷም ጥልፍ ነበር።

ላቀው ሊያይ መጣ። አውራ ጣቱን በእሾሁ ላይ ቀስ ብሎ አዞረና መሃል ላይ አቆመው። ዓይነ ስውር ሲዳስስ እንደዚያ ነው። «ከየት አመጣኸው?»

«ከቡቲዬ።»

«ቡቲዬ ማን ሰጠህ?»

«ሽማግሌ። ምነው ጋሽዬ?»

ጣቱን ከክዳኑ አንሥቶ ወጣ። ማታ ግን እትዬ ጥሩነሽን፣ «ዝገት ልታበያቸው ነው እንዴ? ተይው ይሄን ቆርቆሮ፤ ሰው ይታመምብሻል» ሲላት ሰማሁት። ጥጓን እንዳላገኝ የተመቀኘኝ መሰለኝ። እሷም ሳቀችበት፤ «አንተ ደግሞ፣ ቀለም ተቀብቷል እኮ!» አለችው።

ሌላም ነገር ነበር። ለሙከራ ኬክ ባስቀመጠች ቁጥር ሦስተኛው ማቆሚያ ላይ ያለው ክሬም ወደ አንድ ጎን ይሄድ ነበር፤ ወደ ክፍል አራት በኩል። በውኃ ልክ ለካሁት፤ ቀጥ ያለ ነው። አዞርኩት፤ ክሬሙ እንደገና ወደዚያው ወረደ። ይህን እስከ ዛሬ ማስረዳት አልችልም፤ አልሞክርምም።

ሰርጉ በሆቴሉ ግቢ ሆነ። ከላይ ከግድግዳ ግድግዳ ነጭ አቡጀዲ ተወጥሯል። ፍየል ተጠብሷል፤ ሹፌሮቹ መኪናቸውን ደጅ አቁመው ገብተዋል። ፀሐይ ጠልቃ ፊት ለመለየት ሲያስቸግር ሙሽሮቹ ወደ ኬኩ መጡ። እትዬ ጥሩነሽ ቢላዋውን ይዛ በዓይኗ ጠቀሰችኝ። ሽቦውን አገናኘሁ።

ዕልልታው ግቢውን ሞላው። አቡጀዲው ላይ ሦስት የብርሃን ክበብ ተዘረጋ። ደጅ ከባድ መኪና ሲያልፍ ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣል፤ ብርሃኑም ከላይ እንደሚተነፍስ ነገር ይንቀሳቀሳል። አንድ መነጽር ያደረጉ ሽማግሌ አንገታቸውን አቀኑና፣ ማስታወቂያ እንደሚያነብ ሰው ጮክ ብለው ቀጠሉ።

«ሞላ... አድማሱ። ነፍሱን ይማር።»

«ይማር» አሉ ከጎናቸው የነበሩት፣ ከልማድ።

«ሕፃን በላይነሽ ሞላ። ነፍሷን ይማር።»

«ይማር» ያለው ሰው አሁን ጥቂት ነው። ዕልልታው ከየአቅጣጫው ተቆረጠ። ሽማግሌው ወደ ሦስተኛው ክበብ ዞሩ። ግማሹ ጨለማ ነበር፤ የበየድኩት ላሜራ ሸፍኖታል።

«ነፍሱን ይማር ጌጡ ይመር።»

ይህን ጊዜ ማንም አልመለሰም። ሙሽራዋ ቬሏ ላይ ያረፈውን ብርሃን በእጇ ታራግፍ ጀመር፤ እንደ ነፍሳት። ነገሩ ምን እንደሆነ ያልገባኝ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። ያልኩትም እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል፤ «ያምራል አይደል?» አልኩ።

እትዬ ጥሩነሽ ወደ ላይ እያየች ነው። «ማነው ይሄን የጻፈው?»

«እሱ ነዋ!» አለ ላቀው። ከሁሉም ቀድሞ ነው የተናገረው። «የሠራው እሱ አይደል? የሰው ወንድም በቁሙ ሊቀብር!»

«እኔ? እኔ ፊደል አላውቅም! እትዬ፣ አንቺ ታውቂያለሽ፤ ፊደል አላውቅም!»

«አላውቅም የሚል ሁሉ አያውቅም ማለት ነው? መተት ነው ይሄ! ጠንቋይ ጽፎ ሰጥቶት ይሆናል!» አለ ላቀው።

ዞር ብላ አየችኝ። የእናቴን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ የምታነብልኝ ሴት። አንድ ቃል ትናገራለች ብዬ ጠበቅኩ። «ይህ ልጅ አይጽፍም» ብትል ያልቅ ነበር። ሽቦውን ከባትሪው በእጇ ነጠቀችና ጨለማ ሆነ። ከጨለማው ውስጥ፣ «ውጣልኝ» አለች።

በማግስቱ ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። ላቀው ወረቀት አዘጋጅቶ መጣ። የጌጡ ይመርን ስም በክፋት እንደጻፍኩና ሁለተኛ ሞያሌ እንደማልመለስ ይላል አሉኝ። መፈረም ስለማልችል አውራ ጣቴን ቀለም ነከሩት። አዎ፤ ጽፈሃል ያሉኝ ሰዎች መጻፍ ስለማልችል በጣቴ አስፈረሙኝ። ከመካከላቸው የሳቀ እንኳ አልነበረም።

ስወጣ እትዬ ጥሩነሽ ሦስተኛውን ማቆሚያ በአጥር ላይ ወረወረችው። አነሣሁት። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም፤ ብረት ነው፣ ብረት አልጥልም።

ዲላ ኖርኩ። ከብዙ ልፋት በኋላ የራሴን ብየዳ ቤት ከፈትኩ፤ አገባሁ፤ ወለድኩ። ክዳኑን ከእግሩ ላይ ቆርጬ የውኃ በርሜል ከደንኩበት። የማታ ተማሪ በሆንኩ በስድስተኛው ወር፣ አንድ ጠዋት ውኃ ልቀዳ ክዳኑን ሳነሣ ቀለሙ ረግፎ አገኘሁት። ሳላስበው ፊቱን ወደ ላይ ገለበጥኩት። ከንፈሬ ራሱ ተንቀሳቀሰ። ጌ፣ ጡ። ይ፣ መ፣ ር። አስተማሪ ሳይጠቁመኝ፣ ከሰሌዳ ውጭ፣ በሕይወቴ ያነበብኩት የመጀመሪያ ስም ይህ ነው። ነፋስ አልነበረም፤ ክዳኑ ግን እጄ ላይ አፏጨ።

ሄጄ እንዳሳያት ያሰብኩበት ጊዜ ነበር። ግን ምን ልላት? ያኔ አልጽፍም ብዬ ያላመነችኝ፣ አሁን መጻፍ ስችል ልታምነኝ ነው? መልሼ በርሜሉ ላይ ከደንኩት፤ ፊቱን ወደ ታች። አሥር ዓመት እንደዚያው ቆየ።

ልጄ በተመረቀች ማግስት፣ ያ የፕላስቲክ ማቆሚያ ብርሃኑን ጣራዬ ላይ ከረጨ በኋላ፣ ገና በጠዋት ብየዳ ቤቴን ከፈትኩ። ክዳኑን አውርጄ በገዛ እጄ የበየድኩትን ግማሽ ክብ ላሜራ በግራይንደር ቆረጥኩት። ላሜራው ወድቆ ተንከባለለ። ዝገት በልቶታል ብዬ የሸፈንኩት ብረት እንደ ተበሳ ዕለት ንጹሕ ነበር። አነበብኩት። «ጓደኛው ላቀው አቆመለት።»

ንጽሕናዬን የሸፈንኩት እኔው ነበርኩ፤ ያውም አሳምሬ፣ በሁለት ዙር ብየዳ።

ወዲያው አልሄድኩም። ስናደድ መሄድ አልፈለግኩም፤ ንዴቴ ደግሞ እስከ ጥር ቆየ። ያ ጥርስ አርጋፊ መንገድ ዛሬ አስፋልት ነው አሉ። የሆቴሉ በር ቀለሙ ተቀይሯል። ላቀው በረንዳው ላይ በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጧል፤ ሸምግሏል፣ አላወቀኝም። እትዬ ጥሩነሽ ግን ገና ከበሩ ስታየኝ በጨርቅ ጠቅልዬ በብብቴ የያዝኩትን ነው ያየችው።

«ይዘኸው መጣህ» አለች። ፊቷ አልተለወጠም። ወደ ክፍል አራት ገባችና በንጹሕ አንሶላ የተጠቀለሉ ሁለት ክዳኖች ይዛ ወጣች። አልጋው አሁንም ተነጥፏል፤ በክፍት በሩ አየሁት። «ሦስተኛው አንተ ጋ እንዳለ አውቅ ነበር።»

«እንዳልጻፍኩም ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አባረርሽኝ?»

«እውነት መሆኑን ስላወቅኩ ነዋ፣ ሽብሩ። አንተ ካልጻፍከው ሞቷል ማለት ነው። ከሁለታችሁ አንዳችሁን ማጣት ነበረብኝ።»

ክዳኑን ሰጠኋት። ዙሪያውን በጣቷ እየተከተለች አነበበች። ከዚያ በረንዳው ላይ ወጥታ የላቀው ጭን ላይ አስቀመጠችው። «ላቀው፣ እጅህ ነው ይሄ?»

አውራ ጣቱ እንደዚያን ጊዜ በክዳኑ ላይ ዞረ። «ስበሳው ሚስማሩ ሦስት ጊዜ ጎበጠብኝ» አለ። «ካምፑ ሲበተን ልነግርሽ ነበር የመጣሁት። በጉን አርደሽ፣ አልጋውን አንጥፈሽ ጠበቅሽኝ። 'ጌጡ የታለ?' አልሽኝ። ዛሬን ትብላ፣ ነገ እነግራታለሁ አልኩ። ነገም እንደዚያው አልኩ።»

አልጮኸችም። «ነገ ትወስደናለህ» ብቻ አለችው።

ሦስታችን በማግስቱ ዋልዳ ሄድን። ሜዳ ነው፤ እሾህና ድንጋይ። እኛ ምልክት ስንፈልግ ላቀው በምርኩዙ ማንንም ሳይጠይቅ ሄደ፤ አንዲት ግራር ዘንድ ቆመና፣ «እዚህ፤ ሞላና ልጁ ከጎኑ ናቸው» አለ። ሦስቱን ከመነሣታችን በፊት እዚያው ሞያሌ በአዲስ ቱቦ ላይ በይጃቸው ነበር። መዶሻውን ለላቀው ዘረጋሁለት። በምርኩዙ ቦታውን ብቻ አመለከተኝ፤ እኔው ተከልኳቸው፤ ፊታቸውን ወደ ሰማይ። ነፋስ ነበር፤ አላፏጩም። ይቅርታ አልጠየቀኝም፤ እኔም እንዲጠይቀኝ አላልኩትም።

ስንመለስ እትዬ ጥሩነሽ ክፍል አራትን ለአንድ የጭነት መኪና ረዳት አከራየችው፤ ሰው የሚተኛበት አንሶላ ተነጠፈ። ከኒም ዛፉ ሥር ያለችው ጥግ አሁንም ባዶ ነች። «ትወስዳታለህ?» አለችኝ። «አልፈልጋትም፤ ወረቀቴን ስጪኝ» አልኳት። ከሣጥኗ አወጣችው። የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ አውራ ጣት ከታች ሰማያዊ ሆኖ ተቀምጧል። ከላይ እስከ ታች ለመጀመሪያ ጊዜ አነበብኩት፤ ላቀው ጽሕፈቱ ያምር ነበር። ይቅር የተባለ ነገር የለም። የተዘጋ ነገር ግን አለ። እስኪርቢቶ ተቀበልኳትና ከጣቴ አሻራ ሥር፣ ቀስ ብዬ፣ በእጄ ጻፍኩ፦

«አልጻፍኩም። ሽብሩ መኮንን። እሑድ፣ ጥር ሃያ አራት ቀን።»